ዲግሪያቸውን ደብቀው የተረፉት ሐኪም፦ ዶክተር ሃይንግ ንጎር

ለዘንድሮው የመገናኛ በዓላችን መጽሔት፣ በአንድ ሙያ ተመርቀው በሌላ ሙያ ስማቸው ስለተጠራ ሰዎች እንድጽፍ ስጠየቅ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጡት የፊልም ተዋንያን ናቸው። እኛ ዘንድ ልጅ ተዋናይ እሆናለሁ ሲል ቤተሰቡ ትምህርት እምቢ እንዳለው ቆጥሮ ይደነግጣል። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። አሜሪካዊው ፖል ሮብሰን በመድረክና በፊልም ከመታወቁ በፊት ከሩትገርስ ኮሌጅ በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቀ፣ በ1923 ደግሞ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ዲግሪውን የያዘ ሰው ነበር። እንግሊዛዊው ኮሜዲያን ግርሃም ቻፕማን በካምብሪጅና በለንደኑ ቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ተምሮ ሐኪም ሆኗል። ኬን ጆንግም የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኖ እየሠራ ነው ጎን ለጎን ሰው ማሳቅ የጀመረው። ሮብሰንን ከጥብቅና ሙያ የገፋው የዘር መድልዎ ነው፤ ሁለቱ ሐኪሞች ግን ጥሪያቸው ሌላ መሆኑን ሲያውቁ ነጩን ጋውን በፈቃዳቸው ሰቀሉት።

እኔ የመረጥኳቸው ሰው ከነዚህ ሁሉ ይለያሉ። ዶክተር ሃይንግ ንጎር ይባላሉ። የካምቦዲያ ተወላጅ፣ የቀዶ ሕክምናና የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነበሩ። በ1985 የኦስካር ሽልማት ወስደዋል። ሙያቸውን የተውት ግን መድረክ ጠርቷቸው አይደለም። መጀመሪያ ዲግሪያቸው ሊያስገድላቸው ስለሆነ ለአራት ዓመት ያህል ደብቀውት ኖሩ። ቀጥሎ ደግሞ በተሰደዱበት አገር ያው ዲግሪ በር አልከፍት አላቸው።

የሳቸውን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ የራሳችን ሰዎች ናቸው። ለዚህ በዓል ስንደውልላቸው፣ በተማርኩበት እየሠራሁ አይደለም፣ ምን ብዬ እመጣለሁ የሚሉ የክፍል ጓደኞች አሉን። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት እነሱን እያሰብኩ ነው። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከገጠር መንደር እስከ ኦፕራሲዮን ክፍል

ሃይንግ ንጎር ማርች 22 ቀን 1940 በደቡብ ካምቦዲያ፣ ታኬዎ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሳምሮንግ ዮንግ በተባለች የገጠር መንደር ተወለዱ። አባታቸው የቻይና ዘር ያላቸው ነጋዴ፣ እናታቸው ደግሞ ክሜር ነበሩ። አገሪቱ ያኔ በፈረንሳይ እጅ ነበረች፤ ነፃ የወጣችው በ1953 ነው። ነፃነቱ ከመጣም በኋላ የሕክምና ትምህርት ይሰጥ የነበረው በፈረንሳይኛ ነው። የገጠር ልጅ ዋና ከተማ ገብቶ በሰው ቋንቋ ሕክምና መማሩ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የአጥንቱንና የጡንቻውን ስም በባዕድ ቋንቋ ሸምድደን፣ ማታ ለእናታችን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ስናስረዳ የምንጠፋ ሰዎች ነን።

ንጎር ተምረው ጨረሱና በዋና ከተማዋ በፕኖም ፔን ሥራ ጀመሩ። ሙያቸው ማዋለድና ኦፕራሲዮን ነበር። በሰላሙ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ኑሮ ነው፤ ክሊኒክ አለ፣ መኪና አለ፣ የሚወዷት ሴት አለች። ማይ ሁዊ ትባላለች፤ መምህርት ነበረች። ነገር ግን በ1970 ጄኔራል ሎን ኖል በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ፤ ከክሜር ሩዥ ሽምቅ ተዋጊዎች ጋር የነበረውም ግጭት ሙሉ ጦርነት ሆነ። የአሜሪካ አውሮፕላኖች እስከ 1973 ድረስ ገጠሩን ደበደቡት። ገጠሬው ነፍሴን ላድን ብሎ ወደ ከተማ ጎረፈ፤ ከተማዋ በስደተኛና በቁስለኛ ተጨናነቀች። ዶክተር ንጎርም በጦር ሠራዊቱ ሐኪምነት ቁስለኛ ሲያክሙ ከረሙ።

ሚያዝያ 9 ቀን 1967 ዓ.ም.

ክሜር ሩዥ ፕኖም ፔን የገባው ኤፕሪል 17 ቀን 1975 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 9 ቀን 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከአንባቢዎቼ መካከል ያንን ዓመት በደንብ የምታስታውሱ አላችሁ። የእኛ አገር ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ በየገጠሩ የተበተኑበት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቀይ ሽብር መጣ፤ የተማረ ሰው ሬሳ በየመንገዱ ሲጣል ያያችሁ፣ የክፍል ጓደኛችሁን አንስታችሁ ለመቅበር እንኳን ያልታደላችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ያስተማሩኝ መምህራን ግን የዚያ ትውልድ ትራፊዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ ወሬ ይቀይሩ ነበር። የካምቦዲያውን ታሪክ ሳነብ እንግዳ ያልሆነብኝ አንዱ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በዚያ ቀን ዶክተር ንጎር ኦፕራሲዮን ክፍል ነበሩ። አንድ የቆሰለ ወታደር ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ እየሠሩለት ሳለ የታጠቁ ልጆች በሩን በርግደው ገቡና ሐኪሙ የታለ ብለው አፈጠጡ። ሐኪሙማ አሁን በጓሮ በር ወጣ ብለው መለሱላቸው። ታጣቂዎቹ ወደ ጓሮ ሲሮጡ እሳቸውም ወጡ። ቁስለኛው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ይህን የምናውቀው ራሳቸው በመጽሐፋቸው ስለጻፉት ነው፤ ሳይጽፉት ቢቀሩ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ጓንት አጥልቆ የተከፈተ ቁስል ፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው፣ ያንን ትቶ መውጣት ዕድሜ ልክ አብሮ እንደሚኖር ይገባዋል።

ወዲያው ከተማዋ ባዶ ትሁን ተባለ። ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው በእግሩ ወደ ገጠር ተነዳ። ሆስፒታሎችም አልተማሩም። ገና ከኦፕራሲዮን የወጡ፣ ግሉኮስ እንደተሰካላቸው ያሉ በሽተኞች ከነአልጋቸው እየተገፉ በዚያ ሙቀት መንገድ ላይ ወጡ። ገንዘብ ተሻረ፣ ገበያ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። የተማረ ሰው ሁሉ የአሮጌው ሥርዓት ዘር ተብሎ ይታደን ጀመር። መነጽር ማድረግ እንኳን ማስረጃ ሆነ፤ ዶክተር ንጎርም መነጽራቸውን ደበቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ በተለይ ለመምህራኖቻችን። ይህን ሁሉ ያዘዙት መሃይሞች አልነበሩም። ዋናው ሰው ፖል ፖት በስኮላርሺፕ ፓሪስ የተላከ ተማሪ ነበር፤ ኪዩ ሳምፋን ደግሞ እዚያው ፓሪስ በኢኮኖሚክስ ዶክትሬቱን ያገኘ ሰው ነው። የተማሩ ሰዎች ናቸው የተማረ ሰው ይጥፋ ያሉት። ዲግሪ ሰውን ደግ እንደማያደርግ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ለማግኘት ይከብዳል።

ታክሲ ነጂው

ማነህ፣ ምን ትሠራ ነበር ሲባሉ ዶክተር ንጎር የሰጡት መልስ ታክሲ ነጂ ነበርኩ የሚል ነው። በዋሽንግተንና በዳላስ ያላችሁ አንባቢዎች እዚህ ላይ ፈገግ እንደምትሉ እገምታለሁ። እኛ ታክሲ ውስጥ ዲግሪ ያለው ሹፌር ስናገኝ ከንፈር እንመጣለን። እሳቸው ግን ነፍሳቸውን ያተረፉት ሹፌር ነኝ ብለው ነው።

ይሁን እንጂ ሰው ስሙን ቢደብቅ አነጋገሩ ያሳብቅበታል። የሐኪም እጅ ለስላሳ ነው፤ አመለካከቱ፣ ቁስል አያያዙ ሁሉ ይታወቃል። ሦስት ጊዜ ታሰሩ። ሐኪም እንደነበርክ እመን ተብለው ተገረፉ፣ በእሳት ተቃጠሉ፣ የአንድ ጣታቸው ጫፍ ተቆረጠ። አላመኑም። ቢያምኑ የሚጠፉት ብቻቸውን አልነበረም፤ ማይ ሁዊም አብራ ትጠፋለች። ለቀዶ ሐኪም ጣቱ ምኑ እንደሆነ ደግሞ አስቡት።

የሚገርመው ሙያቸውን እየካዱ በዚያው ሙያ መኖራቸው ነው። የዕለት ምግቡ ቀጭን የሩዝ ቅንጬ ነበር፤ ሰው በረሃብ፣ በተቅማጥና በወባ ያልቅ ነበር። ሰውነት ያለ ፕሮቲን እንደማይቆም የሚያውቁት ሐኪም ጢንዚዛ፣ ምስጥና ጊንጥ ሳይቀር እየለቀሙ በሉ። በተቅማጥ አልቀው ሊሞቱ በደረሱበት ጊዜ ያስታመመቻቸው ማይ ሁዊ ናት። በሌላ አነጋገር፣ ዲግሪውን ከመሬት በላይ ቀብረው እውቀቱን ግን በየቀኑ ይጠቀሙበት ነበር። ሌላ ሰው ማከም ግን አልቻሉም፤ አንድ ሰው በደንብ ካከሙ ተገለጡ ማለት ነው። አጠገባቸው የሚሞተውን በሽተኛ ምርመራውን በልባቸው እያወጡ፣ መድኃኒቱን እያወቁ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ቆመው ማየት ነበረባቸው። እኔ ሐኪም ነኝ፤ ከግርፋቱ ይልቅ ይህኛው የከበደ መስሎ ይታየኛል።

1978

በ1978 ማይ ሁዊ አርግዛ ነበር። ከሦስት ዓመት ረሃብ በኋላ የተጎሳቆለ ሰውነት ነው የያዘችው። ምጡ መጣ፤ ልጁ ግን አልወጣ አለ። የሚያስፈልጋት በኦፕራሲዮን መውለድ ነበር።

ባሏ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነው። እጃቸው ስንት ጊዜ የሠራው ኦፕራሲዮን ነው። ነገር ግን ቢላዋ የለም፣ ማደንዘዣ የለም፣ ደም የለም፣ መስፊያ ክር የለም። ቢኖር እንኳን ሆድ ከፍቶ ልጅ የሚያወጣ ታክሲ ነጂ የለም፤ እጃቸውን እንዳነሱ ሐኪምነታቸው ይታወቅና ሁለቱም፣ ልጁም ጭምር ይገደላሉ። ማይ ሁዊ ባሏ አጠገቧ እያለ ሞተች። ልጁም አብሮ ሞተ።

እኔም የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ፤ ለዚህ ነው ይህን ክፍል በፍጥነት ማለፍ የማልችለው። የእናቶችን ሞት ስናስተምር ሦስቱ መዘግየቶች የሚል ነገር አለን። ቤተሰብ ወደ ጤና ተቋም እንሂድ ብሎ እስኪወስን መዘግየት፣ መንገድ ላይ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምናው እስኪሰጥ መዘግየት። በየዓመቱ ለተማሪዎች ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። የማይ ሁዊ ሞት ከሦስቱ በአንዱም አይገባም። ሐኪሙ ቤት ውስጥ ነው። ውሳኔው አልዘገየም፣ መንገድ አልራቀም። የጠፋው እውቀቱ በሥራ ላይ የሚውልበት ቦታ ነው።

እኔ እንደተመረቅኩ በጠቅላላ ሐኪምነት የተመደብኩበት አንድ የገጠር ሆስፒታል ነበር። አንድ ሌሊት ለኦፕራሲዮን የተዘጋጀች እናት ጠረጴዛ ላይ ሆና መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ነዳጅ የለውም ተባለ። ሁላችንም ጓንት አጥልቀን፣ የምንሠራውን አሳምረን እያወቅን፣ በሞባይል ባትሪ ብርሃን እየተያየን ቆምን። እግዜር ይስጠውና ነዳጅ ከጎረቤት መኪና ተቀድቶ መጣ፤ እናቲቱም ሕፃኑም ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ዲግሪ ያለኝ አስተያየት ተቀይሯል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሰውየው ምን እንደሚያውቅ ነው። ያ እውቀት እንዲያድን ግን መብራት፣ ነዳጅ፣ ክርና መርፌ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማያስፈራ አገር ይፈልጋል። ዶክተር ንጎር እውቀቱ ሁሉ ነበራቸው፤ ከነዚህ ግን አንዱም አልነበራቸውም።

ክሜር ሩዥ በጃንዋሪ 1979 በቬትናም ጦር ከፕኖም ፔን እስኪባረር ድረስ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው አልቋል፤ ከአገሬው ሕዝብ ከአምስት አንዱ በላይ ማለት ነው። ዶክተር ንጎር ወላጆቻቸውንና በርካታ እህት ወንድሞቻቸውን አጥተዋል። በመቶዎች ይቆጠሩ ከነበሩት የአገሪቱ ሐኪሞች መካከል በሕይወት አገር ውስጥ የተገኙት ጥቂት አስሮች ብቻ ነበሩ።

ሎስ አንጀለስ

በ1979 ድንበር ተሻግረው ታይላንድ ገቡ። እዚያ በስደተኞች ካምፕ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሐኪም ነኝ አሉና ወገናቸውን ማከም ጀመሩ። ብዙ አልቆየም። በ1980 ከቤተሰቡ የተረፈች አንዲት የሥጋ ዘመዳቸውን ልጅ ይዘው ወደ አሜሪካ ተጓዙና ሎስ አንጀለስ ሰፈሩ።

አሁን የሚገድላቸው የለም። ሐኪም ነኝ ማለት ይችላሉ። ግን ማን ሰምቷቸው? የተማሩት በፈረንሳይኛ ነው፤ ዕድሜያቸው አርባ ደርሷል፤ ፈተናውን ሁሉ እንደገና መውሰድ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ተመራቂ ሌሊት ተረኛ እየሆኑ ዓመታት መሠልጠን ይጠበቅባቸዋል። ይህን መንገድ ሄዳችሁ የጨረሳችሁ ወገኖች በየሆስፒታሉ ሞልታችኋል፤ ክብር ይገባችኋል። ጀምራችሁ ልጅ ማሳደጉ፣ ለአገር ቤት መላኩ፣ የቤት ኪራዩ አላንቀሳቅስ ያላችሁም አላችሁ። ዶክተር ንጎር የሁለተኞቹ ወገን ናቸው። መጀመሪያ የጥበቃ ሥራ ሠሩ። ቀጥሎ በከተማው ቻይናታውን በሚገኝ አንድ የማኅበራዊ አገልግሎት ማዕከል ተቀጥረው፣ እንደሳቸው ለተሰደዱ ሰዎች ሥራ ማፈላለግ ጀመሩ። ወደ ሐኪምነት ከዚያ በኋላ አልተመለሱም። ሌላ ሚስትም አላገቡም።

ሠርግ ላይ የተገኘው ተዋናይ

በዚያ ሰሞን የእንግሊዝ ፊልም ሠሪዎች፣ ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ፑትናምና ዳይሬክተሩ ሮላንድ ጆፌ፣ ስለ ካምቦዲያ ፊልም ሊሠሩ አስበው ነበር። ታሪኩ የኒው ዮርክ ታይምሱ ጋዜጠኛ ሲድኒ ሻንበርግና የካምቦዲያዊው ባልደረባው ዲት ፕራን እውነተኛ ታሪክ ነው። ሻንበርግ ከአገር ሲወጣ ፕራን እዚያው ቀረ፤ ተርቦና ተሰቃይቶ በመጨረሻ በእግሩ ታይላንድ ገባ። ለፕራን የሚሆን ካምቦዲያዊ ተዋናይ ግን ከየት ይምጣ? የአገሪቱም ተዋንያን ከሐኪሞቿ ጋር አልቀዋል። መልማዮቹ በካሊፎርኒያ የካምቦዲያውያን ማኅበረሰብ ውስጥ መፈለግ ጀመሩ፤ ዶክተር ንጎርን ያገኟቸውም አንድ ሠርግ ላይ ነው።

መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። ፊልም ምን ያደርግልኛል ያለ ሰው አይፈረድበትም። ሐሳባቸውን ያስቀየራቸው ለማይ ሁዊ የገቡት ቃል ነው፤ የአገራቸውን ታሪክ ለዓለም እንደሚናገሩ ነግረዋት ነበር። ቀረጻው የተካሄደው ታይላንድ ውስጥ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስደተኛ ሆነው የገቡበት አገር ማለት ነው።

«ዘ ኪሊንግ ፊልድስ» በ1984 ወጣ። ፊልሙን ያላያችሁ ካላችሁ እባካችሁ እዩት። ጋዜጠኞቹ ተይዘው ሊረሸኑ ሲሉ ፕራን ታጣቂዎቹን እጁን አጣምሮ የሚለምንበት ቦታ አለ። ሰውየው ሲለምን አየዋለሁና የትወና ነገር ይጠፋኛል። ትከሻው የሚሰበርበት፣ ዓይኑን ከታጣቂው ዓይን የሚያሸሽበት መንገድ ከትምህርት ቤት የሚገኝ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ዶክተር ንጎር ትወና አልተማሩም የሚለው አባባል ራሱ አይዋጥልኝም። ለአራት ዓመት ያህል ያልሆኑትን ሰው ሆነው ኖረዋል። አንድ ቃል ቢሳሳቱ ቅጣቱ ሞት ነበር።

በዚያ ፊልም የእንግሊዙን የባፍታ የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ወሰዱ፤ ጎልደን ግሎብም ተጨመረ። ማርች 25 ቀን 1985 ደግሞ በምርጥ ረዳት ተዋናይነት ኦስካር ተሸለሙ። በዚህ ዘርፍ ከእስያ ዘር የመጀመሪያው ተሸላሚ ናቸው። ባለሙያ ተዋናይ ሳይሆኑ በትወና ኦስካር ያገኙ ሰዎች ሲቆጠሩ ስማቸው የሚጠራው ከሃሮልድ ራስል ጋር ነው። ራስል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሠራዊት ሥልጠና ላይ ሁለት እጆቹን ያጣ ወታደር ነበር፤ በ1946 በወጣው ፊልም የተወነውም እጁን ያጣ ወታደር ሆኖ ነው። ሁለቱም የተሸለሙት በደረሰባቸው ነገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንዳንድ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ፣ አያችሁ፣ አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል ብሎ ይጨርሰዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሐውልቱ የሐኪምነቱ ካሣ አይሆንም። ካምቦዲያ በዚያ ጊዜ የጎደላት ተዋናይ ሳይሆን አዋላጅ ሐኪም ነበር። የጠፋው እንደጠፋ መቆጠር አለበት፤ አለዚያ የተማረ ሰው ከሙያው ሲፈናቀል ምንም እንዳልሆነ እንለምደዋለን። ለምደነዋልም።

ከሽልማቱ በኋላ

ከዚያ ወዲህ ዶክተር ንጎር በተለያዩ ፊልሞችና የቴሌቪዥን ድራማዎች ተውነዋል፤ በ1993 የወጣው የኦሊቨር ስቶን «ሄቨን ኤንድ ኧርዝ» አንዱ ነው። በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ሕይወታቸውን የሚተርክ መጽሐፍ ከሮጀር ዋርነር ጋር አሳተሙ። የሕክምና ተማሪዎች ቢያነቡት ከብዙ የሥነ ምግባር ሌክቸር የበለጠ ያስተምራቸዋል ብዬ አምናለሁ። የፊልም ዝናቸውንም ለመሥራት ያልቻሉትን ሥራ ለማሠራት ተጠቀሙበት። በድንበር ላይ ላሉ ስደተኞች እርዳታ አሰባሰቡ፤ የክሜር ሩዥ መሪዎች ለፍርድ ይቅረቡ እያሉ በየመድረኩ ተናገሩ። ካምቦዲያ ውስጥ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሠሩ፤ ለሰፈሩ ሰዎች ሥራና ገቢ የሚሆን አነስተኛ የጣውላ መሰንጠቂያም አቋቋሙ። በስማቸው የቆመው ድርጅት ሲሰየም ከስማቸው ፊት ዶክተር የሚለው ተቀምጧል። ሥራውን ከተነጠቁ ሃያ ዓመት አልፏቸው እንኳን ማዕረጉ የሳቸው ነበር።

ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1996 በሎስ አንጀለስ ቻይናታውን አካባቢ ከቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተመተው ተገደሉ። 55 ዓመታቸው ነበር። የሰፈር ወሮበላ ቡድን አባላት የሆኑ ሦስት ወጣቶች ተከሰሱ። ዐቃቤ ሕግ እንዳለው፣ የወርቅ ሰዓታቸውን ሲጠየቁ ሰጥተዋል፤ አልሰጥም ያሉት የማይ ሁዊ ፎቶ ያለበትን የአንገት ጌጥ ነው። ተከላካዮቹ ግድያው ፖለቲካዊ ነው ብለው ተከራክረዋል፤ ዳኞቹ ግን ዝርፊያ ነው በሚለው ጸኑ። ሦስቱ ጥፋተኛ የተባሉት ኤፕሪል 16 ቀን 1998 ነው። በዚያኑ ቀን የፖል ፖት መሞት ተረጋገጠ። ፖል ፖት ከዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ፊት ሳይቆም ነው የሞተው።

ለክፍል ጓደኞቼና ለመምህራኖቼ

የአንድን ሰው ሕይወት ጽፌ ስጨርስ ምክር መስጠት አልወድም። ሁለት ነገር ብቻ ልበል።

አንደኛው ለማኅበራችን ነው። በየዓመቱ የምናሰባስበው መዋጮ አብዛኛውን ጊዜ ለስኮላርሺፕ ይውላል፤ ደግ ነው፣ ይቀጥል። ነገር ግን ተማሪ አስተምረን ካስመረቅን በኋላ እጁን አጣጥፎ እንዲቆም የሚያደርገው የመሣሪያ፣ የመድኃኒትና የመብራት እጦት ነው። ከመዋጮው የተወሰነው ተመራቂዎቻችን ለሚመደቡባቸው የገጠር ሆስፒታሎች የኦፕራሲዮን ክፍል ዕቃ መግዣ ይሁን የሚለውን ሐሳቤን በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አቀርባለሁ። የምትደግፉኝ እጃችሁን አዘጋጁ።

ሁለተኛው ደውለንላቸው እምቢ ላሉን ነው። የበዓሉ የምዝገባ ቅጽ ላይ የአሁኑ የሥራ ቦታ የሚል መስመር አለ። ስንቶቻችሁ እሱ ጋ ስትደርሱ ቅጹን እንደምትተዉት ሰምቻለሁ። ያንን መስመር ባዶ ተዉት። ስማችሁን፣ የተመረቃችሁበትን ዓመትና ማዕረጋችሁን ብቻ ጽፋችሁ ላኩልን፤ የምትቀመጡበትን እኛ እናዘጋጃለን።